ሆድ ያባውን በሶ አያወጣውም

የወይራ አፋፍ መንደር ቅሬ ዳኛ አያ ገበየሁ በረዶው ሲመታቸው ራሳቸውን አልሸፈኑም፤ የሸፈኑት ከረጢታቸውን ነው። ከመካነ ሰላም ገበያ ጫፍ ገና ሳይርቁ የመጋቢት ሰማይ ድንገት ተቀደደባቸው። ጋቢያቸውን ገፈው ከረጢቱን ጠቀለሉበትና የታመመ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በዚያው ጠዋት ገብሳቸውን ወዳስፈጩበት ወደ ጀላል ወፍጮ ቤት ተመለሱ። ዘመኑ ፲፱፻፶፰ ዓመተ ምሕረት ነበር።

ጀላል የናፍጣ ሞተሩን አጥፍቶ በር ላይ ቆሞ በረዶውን ያይ ነበር።

«ኧረ አያ ገበየሁ! በሶው ከነፍስዎ በለጠ እንዴ?» አላቸው።

«እኔ ብረጥብ እደርቃለሁ። ይኸ ከረጠበ ግን ፍርድ ይበላሻል» አሉና ከረጢቱን ገልጠው በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ደረቅ ነው። ደስ አላቸው።

«በሶና ፍርድን ምን አገናኛቸው?» የሚል ድምፅ ከወደ ጥግ መጣ።

ዘወር ሲሉ አንድ ወጣት የብረት ሳጥን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጧል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አብዱሰላም ነበር። ቁርኣን የሚያስተምሩት የሼህ ከማሉዲን ልጅ ሲሆን፣ ደሴ ተምሮ ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከገጠር በሽተኛ ጠይቆ ሲመለስ እሱንም በረዶው አስገብቶታል። ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባቴ።»

«ወአለይኩም ሰላም። የሼሁ ልጅ አይደለህም? ሼሁ ደኅና ናቸው? እኔና እሳቸው እኮ ስንት ጠብ አብረን አስታርቀናል። አብሽር፣ ተቀመጥ፤ ጆንያው ሁለት ሰው አያንሰውም።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ። በረዶው በቆርቆሮው ላይ ስለሚንጫጫ ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልግ ነበር፤ ለአያ ገበየሁ ግን ስለ ቅሬያቸው መናገር ድካም አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወይራ አፋፍ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር በሚለው፣ ይቀበራል፤ በአንድ ቅሬ ይዳኛል። ዕቃ ጠፍቶ ምስክር ሲታጣ፣ በዚያ ቀን በዚያ ቤት የገቡ ሰዎች ሁሉ ከወይራው ሥር ይቆሙና ለእያንዳንዳቸው አንድ እፍኝ ደረቅ በሶ ይሰጣቸዋል። ውኃ አይፈቀድም። ንጹሑ ይውጣል፤ ሌባው ጉሮሮው ይዘጋበታል። ሦስት ጊዜ ያልዋጠ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ቤቱ ሰው ቢሞት የሚያነሣለት የለም። ይህን ልማድ ሌላ አገር ስለ መኖሩ አያ ገበየሁ አያውቁም፤ ከአባታቸው ነው የተረከቡት።

«አሁን የወይዘሮ ድንቅነሽ የብር አምባር ጠፋ። በዚያ ቀን ሰባት ሰው ቤቷ ገብቷል። ስድስቱ ዋጡ። ነሲባ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጅ ያላት፣ ጥጥ ልትፈትልላት የገባች ናት፤ እሷ ሁለት ጊዜ አልዋጠችም። የፊታችን ሐሙስ ሦስተኛው ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላል ሰው። በኛ አገር ሆድ ያባውን በሶ ያወጣዋል» አሉና በተረታቸው ራሳቸው ሳቁ።

አብዱሰላም አልሳቀም። «ነሲባ ስትቆም ስንተኛ ነበረች?» ብሎ ጠየቀ።

«መጨረሻ ናት። ሴትም ናት፣ ድኻም ናት። በዕድሜና በክብር ነው የምንጠራው።»

«ስድስቱ ሲውጡ እሷ ቆማ ታያለች ማለት ነው። ሰውስ ማንን ነበር የሚያየው?»

አያ ገበየሁ ጥያቄውን አልወደዱትም። ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ እሷን ያይ እንደ ነበር አስታወሱ። እሳቸውም ጭምር።

«ምን ልትል ነው?»

«አፏ የደረቀው ስለ ሰረቀች ሳይሆን ስለ ፈራች ይሆናል ልል ነው።»

«ታዲያ ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል?»

«አያ ገበየሁ፣ አምባር የሰረቀ ሰው ቢያዝ አምባር መልሶ ይቅርታ ይለምናል። ያልሰረቀች መበለት ግን ምኗን ትመልሳለች? ከቅሬ ከወጣች ልጇን የሚቀብርላት የለም። ከሰባቱ መሃል ብዙ የሚፈራው ማን ነው?»

ጀላል ከሞተሩ አጠገብ ሆኖ፣ «ይኸስ እውነት ነው» አለ።

«አንተ ሞተርህን ጥረግ!» አሉት አያ ገበየሁ። ወደ ወጣቱ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ አባትህ እጅና እግር በባለቤቱ ላይ ይመሰክራሉ ብለው ሲያስተምሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እጅ ከመሰከረ ጉሮሮ የማይመሰክርበት ምክንያት ምንድን ነው?»

«ያማ የቂያማ ቀን ነው። ያን ቀን ዳኛው ሌላ ነው፤ እርስዎ አይደሉም።»

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ዳድቷቸው ተዉት። መልሱ ጥሩ እንደ ሆነ አውቀዋል፤ ግን ከአንድ ለጋ ድሬሰር ጥሩ መልስ ተቀብሎ ዝም ማለት ልማዳቸው አልነበረም።

«እሺ፣ ፈራች እንበል። ፍርሃት የልብ ነው፤ ምራቅ የአፍ ነው። ልብ ስለ ፈራ አፍ የሚደርቀው ለምንድን ነው? ይኸን ንገረኝና አምንሃለሁ።»

አብዱሰላም የብረት ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ። መናገር የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ግን ደሴ በነበረ ጊዜ ይህን ትምህርት ሲማር ብዙ ጊዜ ያሰበው ይህንኑ አገር ነበር።

«እጅዎን ያንሡ» አለ።

አነሡ።

«ያነሡት በፈቃድዎ ነው። አሁን ደግሞ ልብዎን ዝም በል ይበሉት።»

«ልብን ማን ያዘዋል?»

«ጨጓራዎንስ ትናንት የበሉትን እንዲፈጭ አዘውታል? የዓይንዎ ብሌን በጨለማ እንዲሰፋ፣ ላብዎ እንዲወጣ፣ አዘዋል?»

«እግዜር ያዘዋል እንጂ እኔማ ምን አገባኝ።»

«እግዜር ለአካል ሁሉ ሥርዓት ሠርቶለታል። ነርቭ የሚባሉ ከክር የቀጠኑ መልእክተኞች በሰውነታችን ሁሉ ተዘርግተዋል። ከፊሎቹ እኛን ይሰማሉ፤ እጅን ያነሣሉ፣ ምላስን ያናግራሉ። ሌሎቹ ግን እኛን አይጠይቁም፤ ራሳቸውን የሚገዙ ናቸው። ልብን፣ አንጀትን፣ ፊኛን፣ ምራቅን የያዙት እነዚህ ናቸው። እነሱም ሁለት ወገን ናቸው። በቅሬያችሁ ሰው ሲሞት እንዴት ነው የሚጠራው?»

«በጥሩምባ ነዋ። ለፋፊው ከጉብታው ላይ ይነፋል፣ የማዶው ጉብታ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ያኛው። ባንድ አፍታ አገር ይሰማል።»

«ሠርግ ሲኖርስ?»

«ለሠርግማ ጥሩምባ አይነፋም። መልእክተኛ በየደጁ ይሄዳል። እየዞረ፣ እየተቀመጠ።»

«እንግዲህ ሁለቱ ወገን እነዚህ ናቸው» አለ አብዱሰላም። «የመጀመሪያው ጥሩምባው ነው። ከደረትዎ ጀርባ እስከ ወገብዎ፣ ከአከርካሪው ውስጥ ይወጣል። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ እንደ ሙሰብሃ ዶቃ የተሰካኩ ትንንሽ ቋጠሮዎች አሉ፤ ጉብታዎቹ እነሱ ናቸው። አንዱ ጉብታ የሰማውን ሌላው ይቀበለዋል። ስለዚህ አደጋ ሲመጣ ሰውነት ሁሉ ባንድ ጊዜ ይሰማል። ልብ ይሮጣል፣ ብሌን ይሰፋል፣ ጠጉር ይቆማል፣ ላብ ይመጣል። የአንጀት ሥራ ይቆማል፤ ሰው ሊሮጥ ሲል ምሳ አይፈጭምና። ምራቅም እንደዚያው፤ ጥቂትና ወፍራም ይሆናል፣ አፍ ይደርቃል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው የሠርጉ መልእክተኛ ነው። አንዱ ከአንጎል ግርጌ ይነሣል፣ አንዱ ደግሞ ከታች ከጭራ አጥንት አጠገብ። አንድ ትልቅ ነርቭ ባንገት በኩል ወርዶ ለልብ፣ ለሳንባ፣ ለጨጓራ ይደርሳል። ይህኛው አገሩን ሁሉ አይጮህበትም። ረጅም መንገድ ይሄድና ቋጠሮው እደጃፉ ላይ ነው፤ መልእክቱን ለባለቤቱ ብቻ ሰጥቶ ይመለሳል። ለልብ ቀስ በል ይለዋል። ለአፍ ምራቅ አምጣ፣ ለአንጀት ሥራህን ሥራ ይላል። በልተው አርፈው በጥላ ሲቀመጡ የሚሠራው እሱ ነው።»

አያ ገበየሁ ጢማቸውን ያዙ። ይህን የመሰለ ነገር ማመን ባይፈልጉም፣ ሥርዓት ያለው ነገር መስማት ይወዱ ነበር። «ሁለቱን የሚያዝ ዳኛ የላቸውም?»

«አላቸው። ከአንጎል ሥር፣ ከአንድ ባቄላ የማይበልጥ ቦታ። እንደ እርስዎ ነው፤ ትንሽ ቦታ ተቀምጦ አገር ያዛል።»

ጀላል ከት ብሎ ሳቀ። ሽማግሌውም ይህን ጊዜ ሳቁ። ከዚያ የዳኝነት ልማዳቸው መጣና ጠበቅ አድርገው ጠየቁ፦ «አንድ ነገር ቀረህ። ነሲባን አይዞሽ ብለን አሳርፈናታል። ጥሩምባው ዝም ካለ ወዲያ ለምን ተንቀጠቀጠች?»

«ጥሩ ጠየቁ። ከኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፋ እጢ አለ። ጥሩምባው ሲነፋ እሱም ይሰማና ጥሩምባውን የሚያግዝ ቅመም ደም ውስጥ ያፈስሳል። ደም ደግሞ በየቦታው ይዞራል። ለፋፊው ጥሩምባውን አስቀምጦ ቤቱ ቢገባም ወሬው ባገር ላይ ገና ይዞራል እንደ ማለት ነው። ደግሞስ አያ ገበየሁ፣ አይዞሽ ያላት ሰው እጅ ላይ በሶው ነበር።»

በረዶው ወደ ዝናብ ተለውጧል።

«ዋናው ነገር ይህ ነው» አለ አብዱሰላም። «ጥሩምባው የሚነፋው ለፍርሃት ነው፤ ለኃጢአት አይደለም። ነፊው ሌባውንና ንጹሑን አይለይም። እንዲያውም ስርቆት የለመደ ሰው አይፈራም፤ አፉ እርጥብ ነው፣ በሶውን እንደ ማር ይውጣል።»

አያ ገበየሁ ድንገት ተነሡ። «በቃ! አባቴ ሠላሳ ዓመት በዚህ ዳኝተዋል። አባቴ ሞኝ ነበሩ?»

ቁጣው ከነገሩ በላይ ነበር፤ ጀላልም መጥረጊያውን ይዞ ቆመ። የሚያናድዳቸው ነሲባ አልነበረችም። ከሃያ ዓመት በፊት የጎረቤት ማረሻ ጠፍቶ ከወይራው ሥር ከቆሙት መሃል እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው ሞላ ነበሩ። እሳቸው ዋጡ። ሞላ አልዋጠም። ሞላ ወደ አባቱ እያየ «ውኃ፣ አባባ፣ አንድ ጉንጭ» ሲል አሁንም ይሰማቸዋል። አባታቸው ለልጃቸው አላዳሉም፤ አገሩ ያን ፍርድ እስከ ዛሬ ያመሰግናል። ሞላ ከቅሬ ወጣ፣ ከዚያም ከአገር ወጣ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አሰብ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርድ አየሁት ብሏቸው ነበር። አልጻፉለትም። ሌባ ወንድም ምን ተብሎ ይጻፍለታል?

አሁን ይህ ልጅ ልክ ከሆነ፣ ሞላ ሌባ ላይሆን ይችል ነበር ማለት ነው። ልክ መሆን የለበትም።

«በቃል አላምንህም» አሉ። «አሳየኝ።»

አብዱሰላም እግራቸውን ተመለከተ። «ከዚያ በፊት ያ እግርዎ ምን ሆኖ ነው?»

«እሾህ ነው። ይድናል።»

«ያሳዩኝ።» ጨርቁን ፈታ። ቁስሉ አመርቅዞ ዙሪያው ቀልቷል። «ይህማ ፔኒሲሊን ይፈልጋል። ለምን ጤና ጣቢያ አልመጡም?»

«ሥራ በዝቶብኝ።»

«መርፌ ፈርተው ነው» አለ ጀላል።

«ዝም በል አልኩህ! እኔ ጥይት ሲጮህ የዋልኩ ሰው መርፌ እፈራለሁ?»

«መልካም» አለ አብዱሰላም። «እንግዲያው በሶዎን ይቅመሱልኝ።»

ሽማግሌው ከከረጢቱ አንድ እፍኝ ዘግነው ቃሙ፤ አኝከው አኝከው ዋጡ። ፊታቸው በራ። «አየህ? ንጹሕ ሰው እንዲህ ነው!»

«አየሁ። የእጅዎን ትርታ ይያዙት። እዚህ ጋ፣ በጣትዎ። ቀስ ብሎ አይደል የሚመታው?»

«እንደ በሬ።»

ድሬሰሩ ሳጥኑን ከፈተ። ተቀቅሎ የተቀመጠውን መርፌ አወጣ፣ ረጅሙን። የጠርሙሱን ክዳን ወጋ፣ መድኃኒቱን ሳበ፣ መርፌውን ሽቅብ ይዞ አንድ ጠብታ አፈናጠረ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አልተቻኮለም። ከዚያ ዘወር ብሎ፣ «ይዘጋጁ። ግን አስቀድመው አንድ እፍኝ ይድገሙልኝ» አላቸው።

አያ ገበየሁ ዘገኑ፣ ቃሙ፣ አኘኩ። በሶው ምላሳቸው ላይ አመድ ሆነ። ዞረው አኘኩት፤ ከትናጋቸው ላይ ተለጠፈ። ሊውጡ ሞከሩ፤ ጉሮሯቸው እምቢ አለ። ድንገት ሳል ያዛቸውና ዱቄቱ በአፍም በአፍንጫም ቡን ብሎ ወጣ። ጣታቸው ከትርታቸው ላይ አልተነሣም ነበር፤ ልባቸው እንደ ወፍጮው ሞተር ይመታል።

ጀላል መጥረጊያውን ተደግፎ፣ «አያ ገበየሁ፣ ምን ሰረቁ?» አለ።

ማንም አልሳቀም። ራሱ ጀላልም ከአፉ ካወጣው በኋላ ደነገጠ። ሽማግሌው በነጣ ጢማቸው ላይ ዱቄቱ እንደ ተበተነ ጆንያው ላይ ቁጭ አሉ።

«ቀስ ብለው ይተንፍሱ» አለ አብዱሰላም። «ሲያስወጡ ያስረዝሙት። ልብን ማዘዝ አንችልም፤ ትንፋሽን ግን እንችላለን። የሠርጉ መልእክተኛ የሚሰማው በዚያ በር ነው።»

ተነፈሱ። ደጋግመው ተነፈሱ። በጣታቸው ሥር ልባቸው ሲረጋ ተሰማቸው። ከዚያ መርፌውን ተወጉ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ከረጢታቸውን አንሥተው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ያኔ አንድ ጉንጭ ውኃ ቢሰጠው ይውጥ ነበር?»

አብዱሰላም ስለ ማን እንደሚናገሩ አላወቀም። «ማንም ቢሆን ይውጥ ነበር» አለ።

ሐሙስ ቀን ቅሬው ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። ነሲባ በነጠላዋ ተሸፋፍና ከሰው ራቅ ብላ ቆማለች። ባለ አምባሯ ድንቅነሽ ከፊት ተቀምጣለች። አያ ገበየሁ ከረጢቱን ከፈቱና፣ «ዛሬ ከዳኛው ይጀመራል» አሉ።

አንድ እፍኝ ቃሙ። ያን ዕለት መርፌ አልነበረም፤ ግን ሊናገሩ ያሰቡት ነገር ከመርፌ ይብስ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ እያየ፣ ሽማግሌው አኝከው አኝከው አልዋጡም። ዱቄቱን መዳፋቸው ላይ ተፉትና ለሁሉም አሳዩ።

«ድንቅነሽ፣ አምባርሽን እኔ ወስጄዋለሁ?»

«ኧረ እርስዎማ! ምን ሲደረግ!» አለች ደንግጣ።

«አልወሰድኩም። ግን አልዋጥኩም። አፌ የደረቀው ስለ ፈራሁ ነው። የፈራሁትም ይህን ስለምናገር ነው፦ ወንድሜን ሞላን በዚህ በሶ አባረነዋል። ሌባ ይሁን አይሁን አናውቅም። የምናውቀው አፉ መድረቁን ብቻ ነው።»

ውበቱ የሚባል፣ ከቅሬው አንጋፋ አባላት አንዱ፣ በትሩን ተደግፎ ተነሣ። «አባትዎ ያቆሙትን ሊያፈርሱ ነው?»

«አባቴ ያቆዩን ቅሬውን ነው። ቅሬው ይኖራል። በሶውን ግን ከዛሬ ወዲያ የራበው ሰው ይብላው። ክስ ያለው ምስክር ያቅርብ። ምስክር ከሌለ፣ አላየንም ብለን እንደር፤ አላህም እግዜርም ያየውን ይፍረዱ።»

ውበቱ ከቆመበት ብዙ አሰበ። በመጨረሻ፣ «እኔም ያን ጊዜ ከሞላ ጋር ቆሜ ዋጥኩ እንጂ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለና ተቀመጠ። ጭብጨባ አልነበረም፤ የወይራ አፋፍ ሰው አያጨበጭብም። አንዲት ሴት ግን ሳትታዘዝ ተነሥታ ውኃና ጨው አመጣች፤ በሶው በገበቴ ተበጠበጠና በየተራ ተጠጣ። ነሲባም ጠጣች። ሰው ሁሉ አያት፤ እሷም አወቀች፤ ቢሆንም እስከ ግርጌው ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን መናገር ይገባል። የድንቅነሽ አምባር እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በሶውም አላገኘውም ነበር። ነሲባ በቅሬዋ ኖረች፤ ልጇም ትምህርት ቤት ገባች። በሚቀጥለው ዓመት ምሳር ጠፍቶ በሦስት ቀን ተገኘ፤ ምክንያቱም የወሰደውን ሰው ያየ ጎረቤት መጥቶ ተናገረ። ዱሮ ቢሆን፣ እዚያ ነበርክ ተብሎ በሶ እንዳይሰጠው ፈርቶ ዝም ይል ነበር። በልማዱ ዘመን እውነትን የሚደብቀው ሌባው ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታወቀ። ተከሳሽ ተቀምጦ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ጥላ ላይ ሆኖ እንዲጠየቅ ተደነገገ፤ በዚህ ሁኔታ የተጠየቀ ሰው የሚናገረው ቃል እንደሚያዝና እንደሚጨበጥ ዳኞቹ አዩ። ደግሞም ልባቸው ሲመታ ወይም ሆዳቸው ሲታወክ ጠላት ደገመብኝ ይሉ የነበሩ አንዳንዶች፣ ፍርሃትና ሐሳብ ይህን እንደሚያደርግ ተረድተው ጠብ ትተው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። የሰው አካል ሥርዓቱን ላወቀለት ምስጢሩን ይነግረዋል፤ ላላወቀለት ግን በሐሰት ይመሰክርበታል።

ከዚያ ሐሙስ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ አያ ገበየሁ እግራቸው ሊድን ሲል ጤና ጣቢያ መጥተው ነበር። ቁስሉ ከታጠበ በኋላ ግን አልተነሡም።

«አብዱሰላም፣ ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ?»

«እጽፋለሁ እንጂ። ለማን?»

«አሰብ ወደብ፣ ለሞላ። ወንድሜ ነው።»

ወጣቱ ወረቀቱን አስተካክሎ ብዕሩን ያዘ። ጠበቀ። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ከፈቱ፤ ምላሳቸው ከትናጋቸው ጋር ተጣብቆ ቀረ። እንደገና ሞከሩ።

አብዱሰላም ብዕሩን አስቀመጠና ከእንስራው በጣሳ ውኃ ቀድቶ ሰጣቸው።